የበደል ሚዛን፦ ከአንኮበር እስከ ዘረት ዋሻ

ጦርነት በተነሣ ቁጥር ከጥይቱ ድምፅ ጋር አብረው የሚነሡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ በሌላው አገር ጠብ ውስጥ የባዕድ እጅ ሊገባ ይገባዋል ወይስ አይገባውም? የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ለፈሰሰው የንጹሐን ደም ተጠያቂው ማን ነው? የሚለው ነው። እነዚህ ጥያቄዎች በሩቅ አገር ምሁራን መጻሕፍት ውስጥ ብቻ ተወስነው የቀሩ አይደሉም። በደብረ ብርሃን በእድር ድንኳን ሥር፣ በፋብሪካው የምሳ ሰዓት፣ በቀበሌው የስብሰባ አዳራሽ ሲነሡ እንሰማቸዋለን። አዘውትረን ከምንሰማቸው አነጋገሮች መካከልም «ጦርነት ከሆነ ዘንድ ሁሉም ያው ነው፤ ገዳዩም ሟቹም እኩል በደለኛ ነው» የሚለው አንዱ ነው። ይህ አነጋገር ለጆሮ ሚዛናዊ ፍርድ ይመስላል። ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ግን ገዳዩን ከፍርድ የሚያስመልጥ፣ ሟቹን ደግሞ ዳግመኛ የሚገድል ሆኖ ይገኛል። ይህን የምንለው በስሜት ተነሣሥተን አይደለም፤ የሰሜን ሸዋ ምድር ራሱ ምስክራችን ስለሆነ ነው።

እስቲ በመጀመሪያ በዚህ ጉዳይ ላይ የተሰለፉትን አስተሳሰቦች እንመልከት። በአሜሪካ የግለሰብን ነፃነት ከማናቸውም ነገር በላይ የሚያስቀድሙ፣ «ሊበርታሪያን» የሚል ስም የያዙ ወገኖች አሉ። እነዚህ ወገኖች የመንግሥት ሥልጣን እንዲጠብብ አጥብቀው ይሻሉ፤ በጦርነት ጉዳይ ግን እርስ በርሳቸው አይስማሙም። የክርክራቸው ሁለት ጫፎች በ1955 ዓ.ም. በወጡ ሁለት ጽሑፎች ጎልተው ይታያሉ። መሬይ ሮትባርድ የተባለው ጸሐፊ፣ ንብረቱ የተዘረፈበት ሰው ሌባውን የመከላከልና አሳዶ የመያዝ መብት እንዳለው ይቀበላል፤ ነገር ግን ሌባውን አገኛለሁ ብሎ ወደ ሕዝብ መካከል መትረየስ ቢተኩስ ራሱ ወንጀለኛ ይሆናል ይላል። ከዚህም በመነሣት መንግሥታት ከድንበራቸው ውጭ ጦር ማዝመት የለባቸውም ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳል። አይን ራንድ በበኩሏ፣ ራሷ የሊበርታሪያንን ስም ባትቀበልም በብዙዎቻቸው አስተሳሰብ ላይ ተጽዕኖዋን ያሳረፈች ጸሐፊ ናት። እርሷም፣ አምባገነን መንግሥት ከሕግ ውጭ የቆመ ስለሆነ ነፃ የሆነ አገር ሊወረው መብት አለው፣ ይህን የማድረግ ግዴታ ግን የለበትም ብላ ጽፋለች።

ሁለቱም አስተሳሰቦች በወረቀት ላይ ሲነበቡ የየራሳቸው መልክ አላቸው። የመጀመሪያው ለንጹሐን ነፍስ የሚቆረቆር መሆኑን አንክድም። ሆኖም የጎረቤቱ ቤት ሲዘረፍ ደጁን ዘግቶ የሚቀመጠውን ሰው ምን እንደምንለው አይነግረንም። ሁለተኛው ደግሞ የማን ቤት በክፉ እንደሚተዳደር ፈራጁ ማን ነው? ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ፈራጁ ጠመንጃ ያለው ከሆነ፣ ወራሪ ሁሉ ራሱን ነፃ አውጪ ብሎ ለመጥራት የሚያግደው ነገር አይኖርም። ስለዚህ ሁለቱንም በእኛ ታሪክ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ባዕዳን ወደዚህ ምድር የመጡት በወዳጅነት ስም ነበር። በ1834 ዓ.ም. ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሐሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። በ1869 ዓ.ም. ደግሞ በማርኬዝ ኦራሲዮ አንቲኖሪ የሚመራው የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ቡድን ወደ ሸዋ መጣ፤ ምኒልክም በአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የተባለውን ስፍራ ሰጡት። አንቲኖሪ የመጣው አዕዋፍንና እንስሳትን ለመመርመር ነበር፤ እዚያው አርፎ እዚያው ተቀበረ። ለሳይንስ የተሰጠው ማረፊያ ግን ውሎ አድሮ የፖለቲካ ሰዎች መመላለሻ ሆነ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌን ውል በኢጣሊያ በኩል የመራው ኮንት አንቶኔሊ በሸዋ ለዓመታት የኖረ፣ የአገሩን ጠባይ ያወቀ ሰው ነበር። በአማርኛው «ቢፈቅድ» የሚል ትርጉም የነበረው አንቀጽ 17 በኢጣሊያንኛው የግዴታ ቃል ሆኖ ተገኘ። ውጤቱም አድዋ ነበር። የሰሜን ሸዋ ሕዝብ ከዚህ የተማረው እንግዳን መጥላትን አይደለም፤ እንግዳና ወራሪ የሚለዩት በመጡበት ስም ሳይሆን በሚሠሩት ሥራ መሆኑን ነው።

ከአድዋ አርባ ዓመት በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። በዚህ ጊዜ ዓለም ያደረገው «ጣልቃ አለመግባት» በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ልብ ብለን ማየት አለብን። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ወራት እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ አገዱ። ይህ እገዳ በቃሉ እኩልነት ነበር፤ በሥራው ግን የጦር ፋብሪካ የሌላትን ኢትዮጵያን እጅ አሰረ፣ አውሮፕላንና ታንክ ራሷ የምትሠራውን ኢጣሊያን አልነካም። አሜሪካም በዚያው ዓመት ተዋጊ አገሮች የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥላቸው የሚከለክል የገለልተኝነት ሕግ አወጣች። የመንግሥታት ማኅበር ኢጣሊያን ወራሪ ብሎ ከፈረደ በኋላ በኅዳር ወር ማዕቀብ ቢጥልም፣ የጦርነቱ ደም ሥር የሆነውን ነዳጅ ሳይጨምር ቀረ። የሱዌዝ ቦይ ክፍት ነበር፤ የፋሺስት ወታደርና የመርዝ ጋዝ ቀረጥ እየከፈሉ አለፉበት። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ተገኝተው አቤት ባሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያ ጎደሎ ማዕቀብ እንኳ ተነሣ።

ከዚህ የምንረዳው ግልጽ ነገር አለ። ኃይለኛውና ደካማው ሲታገሉ ለሁለቱም እኩል እጅን መንሣት ለኃይለኛው ማድላት ነው። ጣልቃ አልገባም ያለው መንግሥት በእውነት ጣልቃ አልገባም ለማለት የሚችለው ነዳጁንም ቦዩንም ለወራሪው ሲዘጋ ነበር። ነዳጅ እየሸጡ ገለልተኛ ነኝ ማለት፣ ለሌባ መሰላል አከራይቶ «እኔ ቤት አልሰበርኩም» እንደማለት ነው።

በዚያን ጊዜ የተራማጅነትን ስም የያዙ አንዳንድ ወገኖችም ከዚህ ስሕተት አላመለጡም። በእንግሊዝ የነፃው ሠራተኞች ፓርቲ መሪዎች የነበሩት ማክስተንና መሰሎቹ ጦርነቱ በሁለት አምባገነኖች መካከል የሚደረግ ጠብ ስለሆነ ሠራተኛው ለማንም ሊወግን አይገባውም አሉ። ይህ ክርክር መሠረት የለውም ብለን በአንድ ቃል ልናልፈው አንችልም፤ ሐቀኛ መልስ ይፈልጋል። በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጭሰኛው ከባለመሬቱ ቀንበር አልወጣም፤ የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ቃል የተገባው በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ሲገባ ቢሆንም ባርነት ገና ሥሩ አልተነቀለም ነበር። ፋሺስቶችም ይህንኑ ነውር ለወረራቸው ሽፋን አድርገው በዓለም ፊት ለፈፉ። ነገር ግን የቤት ውስጥ በደል ለውጭ ወራሪ የመግቢያ ደብዳቤ አይሆንም። ባሪያ ነፃ አወጣለሁ ብሎ የመጣው መንግሥት በ1929 ዓ.ም. ኢጣሊያዊ ከአገሬው ተወላጅ ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር በሕግ ከልክሎ አንድን ሕዝብ በሙሉ ከሰው በታች አደረገው። ጭሰኛው ከባለመሬቱ ጋር የነበረውን ሒሳብ የማወራረድ መብት የጭሰኛው እንጂ የሮማ አልነበረም።

ከዚያው ፓርቲ ውስጥ የትሪኒዳድ ተወላጅ የሆነው ሲ. ኤል. አር. ጄምስ ሌላ መንገድ አሳየ። መንግሥታት ለራሳቸው ጥቅም የሚጥሉትን ማዕቀብ አንጠብቅ፤ ሠራተኛው በገዛ እጁ ለወራሪው የሚሄደውን ዕቃ ያግድ፤ አለ። ይህም ከንቱ ሕልም አልነበረም። በደቡብ አፍሪካ ወደቦች ጥቁር ሠራተኞች ለፋሺስት ጦር የሚላክ ሥጋ አንጭንም ብለው ቆሙ። በእንግሊዝ ደግሞ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በ1928 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ነፃነት የሚሟገት ጋዜጣ አቋቁማ፣ ብዙዎቹ ሲሰለቹና ሲረሱ እርሷ ሳትሰለች ታገለች። እነዚህ ሰዎች ጦር አላዘመቱም፤ የማንንም አገር አልወረሩም፤ ገለልተኛም አልነበሩም። ስለዚህ መንግሥት ጦር አያዝምት ማለትና ሰው ኅሊናውን ይዝጋ ማለት አንድ አለመሆናቸውን በሥራ አስመሰከሩ። የጣልቃ ገብነት ክርክር ብዙ ጊዜ የሚስተው ይህንን ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ በደል ተጠያቂነት እንለፍ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ ዓይኑን በደብረ ሊባኖስ ገዳም ላይ አሳረፈ። በግንቦት ወር በጄኔራል ማሌቲ የሚመራው ጦር መነኮሳቱን ረሸነ። ወጣቶቹ ዲያቆናት ግን ለጊዜው ተለይተው ወደ ደብረ ብርሃን ተወሰዱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በከተማው አቅራቢያ በሚገኘው በእንገጫ ተረሸኑ። የፋሺስቶቹ ሪፖርት 129 ናቸው ሲል ቆጠራቸው፤ ከዚያ ወዲህ የተካሄደ ምርመራ ቁጥሩን ከዚያ እጅግ ከፍ ያደርገዋል። እነዚህ ልጆች በማን ላይ ተኮሱ? የማንን ድንበር ጣሱ? ይህን ጥያቄ «ሁሉም ያው ነው» የሚለው አነጋገር ሊመልሰው አይችልም።

ሁለት ዓመት አልፎ በመንዝ ምድር የሆነው ደግሞ ክርክሩን እስከ መጨረሻው ይፈትነዋል። በ1931 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር መጀመሪያ ከአበበ አረጋይ አርበኞች ጋር የነበሩ ቤተሰቦች፣ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት በተሾመ ሽንቁጥ ከሚመሩት ታጣቂዎች ጋር በዘረት፣ አመፀኛ ዋሻ በተባለው ስፍራ ተጠለሉ። የኢጣሊያ ጦር ዋሻውን ከበበ። በጥይት ሊያስወጣቸው ስላልቻለ የሰናፍጭ ጋዝ ወደ ውስጥ ለቀቀባቸው። ይህ ጋዝ በ1917 ዓ.ም. የጄኔቭ ስምምነት የተከለከለ፣ ኢጣሊያም በ1920 ዓ.ም. እጠብቀዋለሁ ብላ ያጸደቀችው ሕግ ነበር። መውጣት የቻሉት ሲወጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ተለይተው ተረሸኑ፤ በኢጣሊያ ጦር ሰነዶች ላይ የተመሠረተው ግምት ወደ 800 ያደርሳቸዋል። ይህ ሰነድ ለብዙ ዓመታት በመዝገብ ቤት ተኝቶ ቆይቶ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣሊያዊ የታሪክ ተመራማሪ አወጣው። ከዚያም የመሬት ቁፋሮ ሊቃውንት ወደ ዋሻው ገብተው ከአጥንቱ ጋር የገበሬ ቤት ዕቃ፣ የሸክላ ስብርባሪ አገኙ። የጦር ምሽግ የተባለው የገበሬ ጓዳ ነበር ማለት ነው።

የከባቢው ወገን ጠበቃ ቢነሣ የሚለውን እናውቃለን። «አርበኞቹ ከሕፃናት ጋር ተደበቁ፤ ስለዚህ ለሕፃናቱ ሞት ተጠያቂዎቹ እነርሱ ናቸው» ይላል። ይህ ክርክር ዛሬም በብዙ ጦርነቶች ሲደገም እንሰማዋለን። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ እነዚያ ቤተሰቦች ወደ ዋሻ የገቡት የኢጣሊያ ጦር ስላሳደዳቸው ነው፤ ሰውን ከቤቱ አሳድዶ ዋሻ ካስገባ በኋላ «ለምን ዋሻ ገባህ?» ብሎ መክሰስ አይቻልም። ሁለተኛ፣ አንድ ታጣቂ በመካከላቸው አለ ተብሎ ሕፃን በጋዝ ማፈን ለማንም፣ ለእውነተኛ ጉዳይ ለተነሣ ተዋጊ እንኳ፣ አልተፈቀደም። በዚህ ነጥብ ላይ ሮትባርድ እውነቱን ተናግሯል፤ ሌባ አሳዳጅም ቢሆን ወደ ሕዝብ ሊተኩስ አይችልም። በዘረት ደግሞ ተኳሹ ሌባ አሳዳጅ ሳይሆን ራሱ ሌባው ነበር።

ታዲያ በደሉ የኢጣሊያ ሕዝብ ሁሉ ነውን? እዚህ ላይ ሚዛናችን ወደ ሌላው ጎን እንዳያጋድል መጠንቀቅ አለብን። ከበባውን ከመሩት መኮንኖች አንዱ ጄናሮ ሶራ ነበር። ይህ ሰው በ1920 ዓ.ም. «ኢጣሊያ» የተባለችው የአየር መርከብ በሰሜን ዋልታ በረዶ ላይ ስትወድቅ ሰዎቿን ለማዳን ሕይወቱን አስይዞ በበረዶ ላይ የተጓዘ፣ በአገሩም የተመሰገነ ነበር። የወገኑን ነፍስ ለማዳን ሞትን ያልፈራ ሰው በዘረት ደጃፍ ላይ ያሉትን ነፍሳት እንደ ነፍስ አልቆጠረም። ጀግንነት ለወገን ብቻ ሲሆን ከፋሺስት ጋር ለመሰለፍ እንደማይከለክል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አናገኝም።

በሌላ በኩል በዚያው በ1931 ዓ.ም. ኢልዮ ባሮንቲኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ፀረ ፋሺስት በሱዳን በኩል ጎጃም ገብቶ ከአርበኞች ጋር ይኖር ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የሽምቅ ውጊያ ዘዴ ያስተማረ፣ የገዛ አገሩን ሠራዊት የተቃወመ ሰው ነው። አንድ ዓመት፣ አንድ አገር፣ ሁለት ኢጣሊያውያን፤ አንዱ በዋሻ ውስጥ ያሉትን ይገድላል፣ ሌላው በጫካ ካሉት ጋር ይሰለፋል። በአንጻሩም በእኛው ወገን መንገድ የመራ፣ የአርበኛውን ጎጆ የጠቆመ ባንዳ ነበረ። እንግዲህ በደል የሚቆጠረው በሥራ እንጂ በደም አይደለም። የመጀመሪያው ተጠያቂ ትእዛዝ የሰጠው ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ የፈጸመው ነው፤ ከዚያም አውቆ መንገድ የመራው፣ ጋዝ የሠራው፣ ነዳጅ የሸጠው በየድርሻው ይጠየቃል። ያላወቀውንና ሊከለክለው ያልቻለውን ላብ አደር ከእነርሱ ጋር አንድ ላይ መደመር ግን በዘረት የተሠራውን ስሕተት በብዕር መድገም ይሆናል።

በመጨረሻ የእንግሊዝ ጦር ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ገባ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ይህ ጣልቃ ገብነት በረዳት ወታደሮች ደም የተከፈለበት ስለሆነ አንዘነጋውም። ሆኖም እንግሊዝ በኅዳር 1931 ዓ.ም. የኢጣሊያን ወረራ በሕግ የተቀበለች አገር ነበረች፤ አቋሟን የለወጠችው ሙሶሊኒ በሰኔ 1932 ዓ.ም. ጦርነት ካወጀባት በኋላ ነው። ነፃ ካወጣችም በኋላ በ1934 ዓ.ም. ውል የአገሪቱን የገንዘብና የአስተዳደር ጉዳይ በእጇ አቆየች፤ ከኦጋዴን ለመውጣትም ዓመታት ፈጀባት። ስለዚህ የውጭ እርዳታ የሚመዘንበት ሦስት ጥያቄ እናቀርባለን፦ ማን ጠራው? ለማን ጥቅም መጣ? መቼ ይወጣል? ሦስቱንም የማይመልስ እርዳታ ሌላ ጌታ ይዞ እንዳይመጣ ያሰጋል።

ፍርዱስ የት ደረሰ? ኢትዮጵያ የጦር ወንጀለኞቹን ለፍርድ ለማቅረብ ያደረገችው ጥረት በኃያላኑ እንቢታ ከሸፈ። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. የተፈረደበት ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ እንጂ በደብረ ሊባኖስ ደም አልነበረም፤ ከተፈረደበት 19 ዓመት የታሰረውም ጥቂት ወራት ብቻ ነው። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነበር። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በተባለችው የኢጣሊያ ከተማ ለዚሁ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠራለት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

የተወጋው አይረሳም ስንል ግን ሚዛኑን ለባዕድ ብቻ የምናወጣው ከሆነ ምንም አልተማርንም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ኢትዮጵያዊ በኢትዮጵያዊ ላይ ተኩሷል። ደብረ ብርሃን ከየአቅጣጫው ተፈናቅለው የመጡትን ያስጠለለች ከተማ ናት። በቀበሌው ደጃፍ ለቆመች፣ ሕፃን ያዘለች እናት የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «የማን ወገን ነሽ?» የሚል ሲሆን፣ ጠያቂው ሳያውቀው በዘረት ዋሻ ደጃፍ በከባቢው በኩል ቆሟል። በተፋላሚዎች መካከል «በእነርሱ ውስጥ ታጣቂ አለ» ተብሎ መንደር ሲመታ፣ መቺው ማንም ይሁን ማን፣ ክርክሩ ያው የሶራ ክርክር ነው። ለባዕድ የከለከልነውን ለራሳችን ልንፈቅድ አንችልም።

ስለዚህ ለቀበሌ ነዋሪውም፣ ለፋብሪካው ሠራተኛም፣ ለእድሩ ዳኛም የምንለው ይህ ነው። «ሁሉም ያው ነው» በሚለው አነጋገር አንታለል፤ ማን ደጅ እንደሰበረ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደተኮሰ፣ ማን አይቶ ዝም እንዳለ እንለይ። «ሁሉም ጠላት ነው» በሚለውም አንታለል፤ ዋሻ የገባውን ካስገባው እንለይ። እንገጫ ከደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም። ልጆቻችንን ይዘን እንሂድ፤ በዚያ የወደቁት ዲያቆናት ዕድሜያቸው ስንት እንደነበር እንንገራቸው። ሚዛኑን ከዚያ ቦታ የተቀበለ ትውልድ ነገ ጠመንጃ ቢሰጠው ወዴት እንደማይተኩስ ያውቃል።